ሚልፎርድ ሳውንድ በአንድ ቀን፦ የሙሉ ቀን የመኪና መንገድና የጀልባ ጉዞ ከእናቴና ከልጆቼ ጋር ይቻላል?

የፉትስክሬይ እናት፣ ኅዳር 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ጤና ይስጥልኝ። የምጽፈው ከሜልበርን ነው። በፈረንጆች ገና ሰሞን ባለቤቴ የሁለት ሳምንት ፈቃድ ስላገኘ ወደ ኒውዚላንድ ደቡብ ደሴት ለመሄድ ቲኬት ቆርጠናል፤ ከደብረ ማርቆስ ሊጠይቁን የመጡት እናቴም ቪዛቸው ስለወጣላቸው አብረውን ይሄዳሉ። ማረፊያችን ኩዊንስታውን ሲሆን፣ አገሩን የሚያውቅ ሰው ሁሉ «ሚልፎርድ ሳውንድን ሳታዩ እንዳትመለሱ» ይለናል፤ ባሕር በተራሮች መካከል የገባበት ስፍራ ነው።

ሆኖም የጉዞ ማስታወቂያዎቹን ሳነብ ግራ ገባኝ። ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ተነሥቶ ማታ 1 ሰዓት ተኩል ላይ መመለስ ነው፤ ከዚያ ሁሉ ጊዜ ውስጥ ጀልባ ላይ የሚቆየው ሁለት ሰዓት እንኳ አይሞላም። እናቴ 68 ዓመታቸው ነው፤ ጉልበታቸውን ያማቸዋል። ልጆቼ የ9 እና የ6 ዓመት ሲሆኑ ትንሿን መኪና ውስጥ ያጥወለውላታል። መኪና ተከራይተን ራሳችን ብንነዳ ይሻላል ወይስ በአውቶቡስ ብንሄድ? ዝናብ ቢጥል ቀኑ በከንቱ ይቀራል? እንስሳት ይታያሉ የሚባለውስ እውነት ነው ወይስ ለገበያ የተጻፈ ነው? እናቴ ጾመ ነቢያትን ስለሚጾሙ የምግቡም ነገር ያሳስበኛል። የሄዳችሁ ሰዎች ብታስረዱኝ አመሰግናለሁ።


የደቡብ ደሴቱ፣ ኅዳር 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

እህቴ፣ እንኳን ወደዚህ ልትመጡ አሰባችሁ። ክራይስትቸርች ከተማ ውስጥ ከተቀመጥኩ ብዙ ዓመት ሆኖኛል፤ ስድስቱን ዓመት በአገር ጎብኚዎች አውቶቡስ ሹፌርነት ስላሳለፍኩ ያንን መንገድ እንደ ሰፈሬ አውቀዋለሁ።

በመጀመሪያ ርቀቱን እናስተካክል። ኩዊንስታውንና ሚልፎርድ በቀጥታ ቢለካ 70 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው የሚራራቁት። በመካከላቸው ግን መንገድ የማያሳልፍ ተራራ ስላለ መኪናው ወደ ደቡብ ወርዶ፣ ቴ አናው የምትባለውን የሐይቅ ዳር ከተማ ነክቶ፣ እንደገና ወደ ሰሜን መውጣት አለበት። በዚህ ምክንያት የመሄጃው መንገድ ብቻ 290 ኪሎ ሜትር ይጠጋል፤ ሳይቆሙ ቢነዱት አራት ሰዓት ይፈጃል፤ መቆም ግን አይቀርም። «ለሁለት ሰዓት ጀልባ 12 ሰዓት መንገላታት» የሚባለው ከዚህ ስሌት የመጣ ነው። ስሌቱ ትክክል ነው፤ ስሕተቱ መንገዱን እንደ ኪሣራ መቁጠሩ ላይ ነው።

ከቴ አናው እስከ ሚልፎርድ ያለው 120 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ለእኔ ጉዞው የሚጀምረው እዚያ ነው። ሐይቁን ለቅቀው ጥቂት እንደሄዱ ጫካ ውስጥ ይገባሉ፤ ከዚያ ድንገት ዛፉ ሁሉ ይቀርና ኤግሊንተን የሚባለው ሰፊ ሸለቆ ይከፈታል። መሬቱ ልክ በውኃ ልክ እንደተስተካከለ ሜዳ ሲሆን፣ ወርቃማው ሣር እስከ ተራራው እግር ድረስ ይደርሳል፤ ተራራው ደግሞ ከሜዳው ላይ ያለ ምንም መሸጋገሪያ ቀጥ ብሎ ይነሣል። ሸለቆውን እንዲህ አድርጎ የጠረበው የጥንት የበረዶ ግግር ነው። አለፍ ብሎ ሚረር ሌክስ የሚባሉ ትናንሽ ኩሬዎች አሉ፤ ነፋስ በሌለበት ጠዋት ተራራውን ገልብጠው ያሳያሉ፤ የእግር መንገዱም ከአውቶቡሱ የአምስት ደቂቃ የእንጨት ርብራብ ስለሆነ ለእናትሽ አያስቸግርም። ዘ ዲቫይድ የተባለው በር በ532 ሜትር ከፍታ ላይ ይገኛል፤ ከእሱ ወዲያ የሚወርደው ወንዝ ሁሉ ወደ ምዕራብ፣ ወደ ታዝማን ባሕር ይፈሳል። ከዚያም ሸለቆው እየጠበበ፣ ድንጋዩ እየቀረበ ይመጣና መንገዱ ከግድግዳ ጋር ይጋጫል። ግድግዳው ላይ አንዲት ቀዳዳ አለች፤ የሆመር ዋሻ ናት።

ምክሬ ይህ ነው። በዋዜማው ቴ አናው እደሩ። ጠዋት ከዚያው ከተማ በሚነሣ አነስተኛ አውቶቡስ ሂዱ። የሙሉ ቀን ጉዞነቱ ይቀጥላል፣ ነገር ግን 12 ሰዓት የነበረው ወደ ስምንት ሰዓት ይወርዳል፤ ባለቤትሽም መሪ ጨብጦ ከመዋል ይልቅ ቀና ብሎ ተራራውን ያያል። ራሳችን እንነዳለን ካላችሁ ግን ቴ አናው ላይ ነዳጅ ሙሉ፤ ከከተማው ከወጣችሁ በኋላ በአብዛኛው መንገድ ላይ የስልክ ኔትወርክ አታገኙም። የጀልባውን ሰዓት ለመድረስ ብላችሁም አትሩጡ፤ በዚያ መንገድ ላይ ያየሁት አደጋ ሁሉ ማለት ይቻላል የሚጀምረው ከመቸኮል ነው።


አቋራጭ፣ ኅዳር 10 ቀን 2017 ዓ.ም.

ከወንድሜ ከየደቡብ ደሴቱ ጋር በአክብሮት አልስማማም። ባለፈው ዓመት ከሲድኒ መጥቼ በትልቅ አውቶቡስ ከኩዊንስታውን በአንድ ቀን ደርሼ ተመልሻለሁ። ጠዋት ዘግይተን ስለተነሣን አስጎብኚው ጀልባዋ እንዳታመልጠን በማለት ኤግሊንተን ሸለቆን በመስኮት እያሳየን አለፈ፤ በመርሐ ግብሩ ላይ ከተጻፉት አራት ማቆሚያዎች ሁለቱን ብቻ ነው የቆምነው፣ ከሁለቱም አንዱ የመጸዳጃ ቤት ነበር። ሚልፎርድ ስንደርስ ደመናው እስከ ውኃው ድረስ ወርዶ ነበር። በፖስት ካርድ ላይ የሚታየውን ማይተር ፒክ የተባለውን ሹል ተራራ እግሩን እንጂ ራሱን አላየሁትም። ሲመለስ ሰው ሁሉ ተኝቶ ነበር፤ እኔ ግን የከፈልኩትን እያሰላሁ እንቅልፍ አጣሁ።

አቅሙ ካለ በትንሽ አውሮፕላን መሄድ ነው የሚሻለው፤ 40 ደቂቃ እንኳ አይፈጅም። አቅሙ ከሌለ ኩዊንስታውን አጠገብ ያለው ሐይቅም ያማረ ነው። ለአዛውንትና ለሕፃን ይህን ያህል መንገድ አልመክርም።


እርጥብ ጋቢ፣ ኅዳር 10 ቀን 2017 ዓ.ም.

የአቋራጭ ቅሬታ ይገባኛል፤ የተዘለለው ማቆሚያም ቢሆን በእርግጥ ያናድዳል። ነገር ግን ስለ ዝናቡ የተናገሩትን ሳልነካ ማለፍ አልቻልኩም።

ሚልፎርድ ላይ በዓመት ከ6,000 ሚሊሜትር በላይ ዝናብ ይጥላል። አዲስ አበባ የምናውቀው ዝናብ፣ ሰኔን ሐምሌን ነሐሴን ጨምሮ፣ የዓመቱ ድምር 1,200 ሚሊሜትር አካባቢ ነው። ቴ አናውም ከአዲስ አበባ ብዙም አይለይም፤ ስለዚህ በሁለት ሰዓት የመኪና መንገድ ውስጥ ዝናቡ ከአዲስ አበባው የዓመት ድምር ወደ አምስት እጥፍ ያድጋል ማለት ነው። ምክንያቱ ከታዝማን ባሕር የሚነፍሰው እርጥብ የምዕራብ ነፋስ ተራራውን ለመሻገር ሲወጣ የተሸከመውን ሁሉ በምዕራቡ ገጽ ላይ ማራገፉ ነው። በዓመት ውስጥ ከ180 ቀናት በላይ ይዘንባል። እንግዲህ ፀሐይ ያለበትን ቀን መርጦ መሄድ ዕድል መሞከር ነው፤ ቲኬቱን አስቀድሞ የቆረጠ ሰው ደግሞ ዕድሉን እንኳ አይመርጥም።

እኔ ሁለት ጊዜ ሄጃለሁ፤ አንዴ በጠራ ቀን፣ አንዴ ሌሊቱን ሙሉ ሲዘንብ ባደረ ቀን። በጠራው ቀን ዓመቱን ሙሉ የማይደርቁትን ሁለቱን ታላላቅ ፏፏቴዎች አየሁ፤ ሌዲ ቦወን 162 ሜትር ይወርዳል፣ ስተርሊንግ ደግሞ ከ150 ሜትር ያላነሰ ነው። ጢስ ዓባይ 40 ሜትር ገደማ መሆኑን አስታውሱና በዐይነ ኅሊናችሁ አነጻጽሩት፤ እርግጥ ነው ጢስ ዓባይ በስፋቱ ይበልጣል። በዝናቡ ቀን ግን ቁጥር አልነበረውም። ግድግዳው ሁሉ ይፈስሳል። አንዳንዱ ከአንድ ሺህ ሜትር ላይ እንደ ክር ይጀምርና ነፋሱ መሐል ላይ ይዞት ወደ ላይ ይመልሰዋል፣ መሬት ሳይነካ ይበተናል። ዝናቡ ባቆመ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ አብዛኞቹ ይጠፋሉ። የማይተር ፒክን ጫፍ አላየሁም፤ አልቆጨኝምም።

አንድ ነገር ደግሞ ልብ በሉ። ግድግዳው ላይ ከጫካው መካከል ከላይ እስከ ታች የተላጠ ባዶ ድንጋይ ታያላችሁ። ድንጋዩ አፈር የለውም፤ ዛፎቹ የቆሙት በእርጥቡ አረንጓዴ ሽፋንና እርስ በርስ በተያያዘ ሥር ነው። አንዱ ዛፍ ከላይ ሲነቀል ከበታቹ ያለውን እየጎተተ ይወርዳል፣ ጫካው እንደ ምንጣፍ ተጠቅልሎ ባሕር ውስጥ ይገባል። ከዚያ በኋላ ድንጋዩ እንደገና እስኪለብስ የሰው ዕድሜ ያልፋል።


ጨውና ጣፋጭ፣ ኅዳር 11 ቀን 2017 ዓ.ም.

ዳኒደን ከተማ የባሕር ሳይንስ ተማሪ ነኝ፤ ስለ እንስሳቱ የተጠየቀውን እኔ ልሞክር።

በቅድሚያ ስለ ስሙ ጥቂት ልበል፣ ምክንያቱም ስሙ ስሕተት ነው። በእንግሊዝኛ «ሳውንድ» ተብሎ የሚጠራው ባሕር የገባበት የወንዝ ሸለቆ ነው። ሚልፎርድን የቆፈረው ግን የበረዶ ግግር ስለሆነ ትክክለኛ መጠሪያው ፊዮርድ ነው። ስሕተቱ ከቀድሞ መርከበኞች የወረደ ሲሆን ማንም አላስተካከለውም፤ ይልቁንም ክልሉን በሙሉ ፊዮርድላንድ ብለው ሰየሙት። ግግሩ የጫነውን ድንጋይና አፈር አፉ ላይ ስለተወው፣ ውስጡ ወደ 300 ሜትር የሚጠጋ ጥልቀት ሲኖረው መግቢያው ላይ ግን ጥልቀቱ ይቀንሳል። መግቢያው ከባሕር ሲታይም ጠባብና በተራራ የተሸፈነ ነው። ካፒቴን ጄምስ ኩክ በ1770 እ.ኤ.አ. በዚያ ዳርቻ ሲያልፍ ወደ ውስጥ ሳይገባ ነው የሄደው። የአገሩ ነባር ሕዝብ የሆኑት ማኦሪዎች ግን ከዚያ እጅግ ቀድመው ያውቁት ነበር፤ ፒዮፒዮታሂ ይሉታል፣ ፒዮፒዮ ዛሬ ዘሯ የጠፋ ወፍ ናት።

አሁን ወደ እንስሳቱ። ከሁሉ ይልቅ የሚታዩት ፉር ሲሎች የሚባሉት ፀጉራም የባሕር እንስሳት ናቸው። ዐለት ላይ ተዘርግተው ስለሚያርፉ ጀልባዎቹ በዝግታ ቀርበው ያሳያሉ። በ19ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ላይ አዳኞች ለቆዳቸው ሲሉ ከዚህ ዳርቻ ሊያጠፏቸው ደርሰው ነበር፤ ዛሬ በሕግ የተጠበቁ ናቸው፣ ቁጥራቸውም አገግሟል። ዶልፊን የዕድል ነገር ነው። ቦትልኖዝ የተባለው ዝርያ ፊዮርዶቹ ውስጥ የሚኖረው ለዝርያው በጣም ደቡባዊ በሆነ ስፍራ ሲሆን፣ አንዳንድ ቀን በጀልባዋ አፍንጫ ፊት ይዘልላል፣ አንዳንድ ቀን ደግሞ አይታይም። ከታየም ጀልባዎች በ300 ሜትር ክልል ውስጥ ሞገድ በማያስነሣ ፍጥነት መሄድ አለባቸው፤ በአንድ ጊዜም ከሦስት በላይ ጀልባ እንዲቀርብ አይፈቀድም። ስለዚህ ካፒቴኑ ዶልፊኑን አላሳደደም ብላችሁ አትቀየሙት።

ፔንግዊንን በተመለከተ ልጆቹን አስቀድሜ ላስጠንቅቅ። በማኦሪኛ ታዋኪ የሚባለው ቢጫ ቅንድብ ያለው የፊዮርድላንድ ፔንግዊን በብዛት የሚታየው ከሐምሌ እስከ ኅዳር፣ በሚፈለፍልበት ወቅት ነው። በታኅሣሥ መጨረሻ ጫጩቶቹ አድገው ወጥተዋል፣ ወላጆቹም ለምግብ ወደ ሩቅ ባሕር ሄደዋል። ማስታወቂያው ላይ ያለው ፎቶግራፍ እውነተኛ ነው፤ ወሩ ግን የናንተ ወር አይደለም።

ከሁሉ የሚያስደንቀኝ ግን ከላይ የማይታየው ነው። እርጥብ ጋቢ የገለጹት ያ ሁሉ ዝናብ ከጫካው መሬት ላይ ቅጠልና ሥሩን እያጠበ ሲወርድ እንደ ቀጭን ሻይ ይጠቁራል። ጣፋጭ ውኃ ከጨው ውኃ ስለሚቀል በባሕሩ ላይ ተንሳፍፎ እንደ ክዳን ይቀመጣል፤ ውፍረቱ እንደ ዝናቡ መጠን ከጥቂት ሜትር እስከ ዐሥር ሜትር ይደርሳል። ይህ ሻይ መሰል ክዳን ብርሃን ይከለክላል። በዚህም የተነሣ በሌላ ስፍራ በጥልቅ ጨለማ ውስጥ የሚኖረው፣ ዛፍ የሚመስል የባሕር ፍጡር የሆነው ጥቁር ኮራል እዚህ ከገጹ ዐሥር ሜትር ዝቅ ብሎ ይበቅላል፤ በነገራችን ላይ ስሙ ጥቁር ይባል እንጂ በሕይወት ሳለ የሚታየው ነጭ ሆኖ ነው። ሃሪሰን ኮቭ በሚባለው የፊዮርዱ ጥግ ላይ በደረጃ ወደ ውኃው ውስጥ ወርዶ በመስታወት የሚታይበት ክፍል አለ። የጀልባ ቲኬት ስትገዙ እዚያ የሚያቆመውን ብትመርጡ ለልጆቹ መልካም ነው፤ ደረጃው ግን ለሚያም ጉልበት አይሆንም።


የፉትስክሬይ እናት፣ ኅዳር 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ባለቤቴ የአቋራጭን ጽሑፍ አንብቦ ሊያፈገፍግ ነበር፤ የየደቡብ ደሴቱን ሲያነብ ግን ቴ አናው የማደሩን ሐሳብ ወደደው። ሦስት ነገር ልጨምር። ስለዚያ ዋሻ እናቴ ሰምተው «ይናድ ይሆን?» ብለው ጠየቁኝ። ትንኙ አያስቀምጥም የሚባለውስ እውነት ነው? ጀልባዋ ትናወጣለች?


የደቡብ ደሴቱ፣ ኅዳር 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእናትሽ እንዲህ ብለሽ ንገሪልኝ፦ የጣርማበርን ዋሻ ያለፈ ሰው ሆመርን አይፈራም። ጣርማበር ግማሽ ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን ሆመር 1.2 ኪሎ ሜትር ነው፤ ሁለቱም የ1930ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ሥራዎች ናቸው። ሆመርን መቆፈር የጀመሩት በ1935 እ.ኤ.አ. በዓለም አቀፉ የኢኮኖሚ ድቀት ሥራ ያጡ ሰዎች ናቸው፤ ድንኳን ውስጥ እያደሩ፣ በዶማና በእጅ ጋሪ። በክረምት ፀሐይ የማያይ ሸለቆ ውስጥ ነበር የሚኖሩት። በበረዶ ናዳ ሦስት ሰዎች ሞተዋል። በ1940 ከወዲያ ማዶ ተገናኘ፣ ከዚያ ጦርነቱ ሥራውን አስተጓጎለው፣ ለመኪና የተከፈተው በ1950ዎቹ ነው። ውስጡ ወደ ሚልፎርድ በኩል በየዐሥሩ ሜትር አንድ ሜትር ያህል ስለሚያዘቀዝቅ ጆሮ ይደፍናል፤ ለልጆቹ ማስቲካ ያዙላቸው። ከዋሻው ሲወጡ ከ800 ሜትር ገደማ ከፍታ በ20 ኪሎ ሜትር ገደማ ውስጥ ወደ ባሕር ጠለል የሚያወርደው ጠመዝማዛ መንገድ ይጠብቃችኋል። የዓባይን በረሃ ቁልቁለት ለሚያውቁ የደብረ ማርቆስ እናት አዲስ ነገር አይሆንም፤ ለሚያጥወለውላት ልጅ ግን የፊት ወንበር ጠይቁላት።

በበጋ ዋሻው በትራፊክ መብራት በተራ ያሳልፋል፤ ተራ እስኪደርስ ስትጠብቁ ኬያ የሚባለው የተራራ በቀቀን ይመጣል። አረንጓዴ ነው፣ ክንፉን ሲያነሣ ከሥሩ ብርቱካን ቀለም አለው፤ ዐይነ አፋርነት አያውቅም። የመኪና ጎማና የመስኮት ላስቲክ ይነቅላል። ብስኩት እንዳትሰጡት፤ የሰው ምግብ ይጎዳዋል፣ መኪና መቅረብም ሲለምድ ይገጫል፣ ዝርያውም ለመጥፋት ከተቃረቡት አንዱ ነው።

ትንኙ እውነት ነው። ማኦሪዎች ሲተርኩ፣ ቱ ቴ ራኪ ፋኖዋ የተባለው አምላክ ፊዮርዶቹን ቀርፆ ሲጨርስ የሞት እመቤት ሂኔ ኑይ ቴ ፖ መጥታ አየች፤ ሰዎች በውበቱ ተይዘው በዚያው እንዳይቀሩ ሰግታ ትንኙን ለቀቀችው ይላሉ። የሚነክሱት እንስቶቹ ናቸው፣ በቀን ብርሃንና ነፋስ በሌለበት ነው የሚበረቱት፤ እየሄደች ያለች ጀልባ ላይ አይደርሱም። የሚይዟችሁ ወደብ ላይ ስትቆሙ ነው። እጅጌው ረጅም ልብስ፣ ካልሲ፣ የሚቀባም መድኃኒት ያዙ። ጀልባዋ ደግሞ ፊዮርዱ ውስጥ እምብዛም አትናወጥም፤ አፉ ላይ ደርሳ ወደ ታዝማን ባሕር ስትዞር ግን ለዐሥር ደቂቃ ያህል ከፍ ዝቅ ትላለች። ያን ጊዜ እናትሽ ታችኛው ፎቅ መሐል ላይ ይቀመጡ።


እርጥብ ጋቢ፣ ኅዳር 13 ቀን 2017 ዓ.ም.

ስለ ምግቡ አንድ ማስገንዘቢያ ላክል። ጀልባ ላይ የሚቀርበውን ምሳ አስቀድማችሁ ከአትክልት ብቻ እንዲሆን ማዘዝ ትችላላችሁ፤ ነገር ግን «ቬጀቴሪያን» ካላችሁ አይብና ዕንቁላል ስለሚመጣ «ቪጋን» በሉ። ስንቅ ከሜልበርን የምትይዙ ከሆነ ደግሞ ኒውዚላንድ ስትገቡ ማንኛውንም ምግብ በመግቢያ ቅጹ ላይ አስመዝግቡ፤ ሳያስመዘግብ የተገኘ ሰው በቦታው 400 የኒውዚላንድ ዶላር ይቀጣል። ማር ጨርሶ አይገባም። የእናታችሁን የጎጃም ማር ቤት ተዉት።


አቋራጭ፣ ኅዳር 13 ቀን 2017 ዓ.ም.

ቴ አናው ማደሩ ነገሩን እንደሚለውጠው እቀበላለሁ፤ እኔ የጻፍኩት በአንድ ቀን ከኩዊንስታውን ስለመመላለስ ነው። ስለዚያ ያልኩትን ግን አልመልስም። ስትመለሱ የሆነውን በሐቅ እንድትጽፉልን እጠይቃለሁ፤ ብዙ ሰው ይጠይቅና ከዚያ ወሬው ይጠፋል።


የፉትስክሬይ እናት፣ ጥር 4 ቀን 2017 ዓ.ም.

እንኳን አደረሳችሁ። ወሬው እንዳይጠፋ ቃሌን ጠብቄ እጽፋለሁ።

ቴ አናው አደርን። ሌሊቱን ቆርቆሮው ላይ ዝናብ ሲወርድ ሰምቼ ልቤ ተሰበረ። ጠዋት 18 ሰው የሚይዝ አውቶቡስ መጣልን፤ ሹፌሩ ልጄን ከፊት አስቀመጣት፣ አላስመለሳትምም። ኤግሊንተን ሸለቆ ላይ ጭጋጉ እስከ ተራራው ወገብ ወርዶ ስለነበር ኩሬዎቹ ምንም አላንጸባረቁም። አቋራጭን አስታወስኩ፣ ባለቤቴም ዝም ብሎ አየኝ።

ዋሻው በር ላይ 15 ደቂቃ ቆምን። ኬያው ከፊታችን ባለች ነጭ የኪራይ መኪና ጣሪያ ላይ ወጥቶ የበሩን ጎማ በምንቃሩ ይዞ መጎተት ጀመረ፤ ጎማው እየተላጠ የክንድ ያህል ሲረዝም መኪናው ውስጥ ያሉት ሰዎች ከውስጥ ሆነው ፎቶግራፍ ያነሡት ነበር። እናቴ በጣም ሳቁ። «ሌባ ጦጣ በክንፍ» አሉት።

ከዋሻው ስንወጣ ግን ማንም አልሳቀም። ሸለቆው ከላይ እስከ ታች ይፈስስ ነበር። ልክ እርጥብ ጋቢ እንደጻፉት ነው፤ ሆኖም አንብቦ ማወቅና ማየት ይለያያል። እናቴ መቁጠሪያቸውን አውጥተው በእያንዳንዱ ፏፏቴ አንድ ፍሬ ያሳልፉ ጀመር፤ የእሳቸው መቁጠሪያ 41 ፍሬ ነው። ወደቡ ሳንደርስ አንድ ዙር ጨረሱ።

ጀልባ ላይ ፉር ሲሎች አየን፣ ዐለቱ ላይ ሰባት ነበሩ። የ9 ዓመቱ ልጄ «ይሸታሉ» አለ፤ እውነቱን ነው፣ ከነፋሱ ጋር የቆየ ዓሣ ይሸታል። ዶልፊን አልመጣም። ፔንግዊንም የለም፤ አስቀድሞ ስለተነገራቸው ልጆቹ አልተከፉም። ስተርሊንግ ሥር ካፒቴኑ የጀልባዋን አፍንጫ ውኃው ሥር አስገባ፤ አንድ ሠራተኛ በትሪ ብርጭቆ ደርድሮ ከፊት አቆመና ፏፏቴው ሞላው። ብርጭቆውን ለእናቴ ሲያቀብላቸው እጃቸውን አማትበው ተቀበሉ፣ ነገር ግን ገና 7 ሰዓት ስለነበረ አልጠጡም፤ እስከ 9 ሰዓት ነው የሚጾሙት። ውኃውን በጥንቃቄ ባዶ ሃይላንድ ውስጥ ገለበጡት። ስንመለስ ኤግሊንተን ላይ ፀሐይ ወጥቶ ሹፌሩ ሲያቆምልን፣ ሰዓታቸውን አይተው፣ ሣሩ ዳር ቆመው ጠጡት። ለልጆቹም ጉንጭ ጉንጭ አደረሷቸው።

መቁጠሪያው ሁለት ዙር ሞልቶ ሦስተኛውን ከጀመሩ በኋላ እናቴ መቁጠሩን ትተውት ነበር። ስለ ትንኙም አልተጋነነም፤ ወደቡ ላይ አምስት ደቂቃ ቆሜ ቁርጭምጭሚቴ እስከ ዛሬ ያሳክከኛል።


አቋራጭ፣ ጥር 4 ቀን 2017 ዓ.ም.

በሐቅ ስለጻፉ አመሰግናለሁ። ሹፌሩ ስንት ቦታ አቆመ?


የፉትስክሬይ እናት፣ ጥር 5 ቀን 2017 ዓ.ም.

ስድስት ቦታ። አንዱ የመጸዳጃ ቤት ነው።


ሐምሌ መጪ፣ ጥር 7 ቀን 2017 ዓ.ም.

ክሩን ዘግይቼ ነው ያገኘሁት። ከባለቤቴ ጋር በሐምሌ ለመሄድ አስበናል፤ በዚያ ክረምት ስለሆነ ያስኬዳል?


የደቡብ ደሴቱ፣ ጥር 7 ቀን 2017 ዓ.ም.

ያስኬዳል፤ ነገር ግን ራሳችሁ አትንዱ። ከግንቦት እስከ ኅዳር ባለው ጊዜ የበረዶ ናዳ ስለሚያሰጋ መንገዱ አንዳንድ ቀን ይዘጋል፤ የጎማ ሰንሰለት መያዝም ግዴታ የሚሆንባቸው ቀናት አሉ፣ ሰንሰለት ማሰር ያልለመደ ሰው ደግሞ በበረዶ ላይ ተንበርክኮ አይማረውም። ቀኑ አጭር ስለሆነ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ገና ድንግዝግዝ ነው። በተረፈ ሰው ይቀንሳል፣ ትንኙም ይደክማል፣ የሐምሌ ወር ደግሞ ታዋኪው ወደ ዳርቻ የሚመለስበት ነው። አንድ ተለዋጭ ቀን ያዙ፤ መንገዱ ከተዘጋ በማግስቱ ትሞክራላችሁ።